ራኩ ሳይከፈት የስዊቹን ሞዴል ማወቅ እንዴት ይቻላል?

ሰኔ ሲመጣ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ወንበርና ጠረጴዛ ለመቁጠር ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ኮሚቴው በየቢሮው ይዞራል፣ ይመዘግባል፣ ይፈርማል። ሥራው የሚገታው ኔትወርክ ስዊች ላይ ሲደርስ ነው። ቅጹ ዓይነት፣ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ይጠይቃል። ዕቃው ሲገባ የተቆረጠው ሞዴል 19 የተባለው የገቢ ደረሰኝ ግን ብዙ ጊዜ «ስዊች፣ ባለ 24 ፖርት» ከማለት አያልፍም። ስዊቹ ራሱ ከጣሪያ ሥር በተሰቀለ ራክ በሚባል የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን ይዞ የነበረው ባለሙያ ተዛውሯል። መለያው የተለጠፈው ደግሞ በመሣሪያው ሆድ በኩል ስለሆነ፣ ለማንበብ ገመዶቹን ሁሉ ነቅሎ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ሰሜን ሸዋ ላይ በዚህ ሁሉ ላይ ርቀት ይጨመርበታል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደብረ ብርሃን፣ ቅርንጫፎቹ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና ሸዋ ሮቢት ከሆኑ፣ ሦስት ሣጥኖችን ለማየት ብቻ የጣርማበርን ጉም አቋርጦ እስከ ቆላው መውረድ ግድ ይላል። ነዳጅ አለ፣ የውሎ አበል አለ፣ መኪና የሚጠብቅበት ቀን አለ።

ከደብረ ብርሃን ሳይነሡ ስዊቹን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። መልሱ የሚመጣው ግን በስም አይደለም፤ በነጥብ የተለያዩ ረጅም ቁጥሮች ሆኖ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ቁጥር ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚነበብ፣ ምን ያህል እንደሚታመን።

ጉዳዩ የቆጠራ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲስኮ ኩባንያ አይኦኤስ እና አይኦኤስ ኤክስኢ በተባሉት ሶፍትዌሮቹ ውስጥ ከባድ ክፍተት መገኘቱንና ክፍተቱን አጥቂዎች ቀድመው እየተጠቀሙበት እንደሆነ አስታውቆ ነበር። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እኛ ዘንድ ይህ መሣሪያ አለ ወይ?» የሚል ነው። ሞዴሉን የማያውቅ ሊመልሰው አይችልም።

ስዊች ምንድን ነው? የሚጠየቀውስ በምን ቋንቋ ነው?

ስዊች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ፕሪንተሮችንና ካሜራዎችን በገመድ አገናኝቶ እያንዳንዱን መልእክት ወደ ትክክለኛው መውጫ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገመድ ሲሰካበት የሚሠራ፣ ከዚያ ውጪ ማንም የማያዝዘውና ማንም የማይጠይቀው ርካሽ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የራሱ የኔትወርክ አድራሻ ያለው፣ ከሩቅ የሚስተካከልና ስለ ራሱ መረጃ የሚሰጥ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢጠየቅም የሚመልስበት አፍ የለውም።

መጠየቂያው ኤስኤንኤምፒ ይባላል። የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው የሚጠየቁበትና የሚመልሱበት የስምምነት ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለው ደንብ በሙያው ፕሮቶኮል ይባላል። በመጀመሪያ መልኩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ እርሱ ግን ዛሬም በአብዛኛው ስዊች፣ ራውተር፣ ፕሪንተርና የኃይል መጠባበቂያ ውስጥ አለ።

በስዊቹ ውስጥ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጦ በ161 ቁጥር መግቢያ ላይ ጥያቄ ይጠብቃል። ይህም ፖርት ይባላል፤ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ሳይሆን በሶፍትዌር ውስጥ ያለ የበር ቁጥር ነው። የሚጠየቀው ነገር በጣም ቀላል ነው። «በዚህ ቁጥር የተመዘገበውን ስጠኝ» ማለት ይቻላል፣ «ከዚህ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ስጠኝ» ማለት ይቻላል። የትኛው ቁጥር ምን እንደያዘ የሚዘረዝረው መዝገብ ሚብ ይባላል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሁለተኛው ሚብ የሚባለው መዝገብ፣ ኤስኤንኤምፒ የሚያውቅ ማንኛውም መሣሪያ ስለ ራሱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ነገሮችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ አስቀምጧል። ክፍሉ 1.3.6.1.2.1.1 ሲሆን ሰባት ነገሮች አሉበት፦ መግለጫ፣ የዓይነት መለያ፣ ከተነሣ የቆየበት ጊዜ፣ የኃላፊው አድራሻ፣ የመሣሪያው ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የሚሰጠው የአገልግሎት ደረጃ። ሁለተኛው፣ ማለትም የዓይነት መለያው፣ ሲስ-ኦብጀክት-አይዲ ይባላል። ሙሉ አድራሻው 1.3.6.1.2.1.1.2.0 ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚደናገርበት ነገር አለ። ጥያቄው ቁጥር ነው፤ መልሱም ቁጥር ነው። 1.3.6.1.2.1.1.2.0 ብለን ስንጠይቅ አንድ ስዊች 1.3.6.1.4.1.9.1.716 ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው «ዓይነትህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ነው። ሁለተኛው የዚያ መሣሪያ መልስ ነው፤ እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

መልሱን ለማንበብ የመንዝ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ በማማ፣ በላሎና በጌራ ርስት የሚገኘው በቆጠራ ነበር። ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አቅኚ አባት ድረስ ይቆጥራል፤ ሐረጉ ካልተበጠሰ ይካፈላል። የእኛ ቁጥር የተገለበጠ ቆጠራ ነው። ከአቅኚው ይጀምርና በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ትውልድ እየወረደ እስከ ልጁ ይደርሳል። ለብቻው የተነሣ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚኖረው የማን ልጅ እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

እንቁጠረው። የመጀመሪያው 1 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ከእርሱ ሥር 3 እውቅና የተሰጣቸው ድርጅቶች መደብ ነው። ከዚያ 6 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ይመጣል። ሚኒስቴሩ እዚህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ኢንተርኔት ያደገው በእርሱ የምርምር ገንዘብ ስለሆነ ነው። የሚቀጥለው 1 ኢንተርኔት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥያቄውም መልሱም አንድ ሐረግ ናቸው። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው በ2 በኩል፣ ማለትም ለሁሉም የጋራ ወደሆነው የአስተዳደር ቅርንጫፍ ይወርዳል። መልሱ በ4 በኩል ወደ ግል ቅርንጫፍ፣ ከዚያም በ1 በኩል ወደ ድርጅቶች ይገባል። ስለዚህ 1.3.6.1.4.1 የተባለውን መነሻ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር የአምራቹ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

የአምራቾቹን ቁጥር የሚያድለው የኢንተርኔትን ስምና ቁጥር የሚመዘግበው አያና የተባለው አካል ነው። ለጠየቀ ሁሉ በነጻ፣ በተራ ይሰጣል፤ እስካሁን ከ60,000 በላይ ተሰጥቷል። ትንሽ ቁጥር የያዘ ቀድሞ የመጣ ነው። ሲስኮ 9 ነው፤ ኤችፒ 11፤ ስሪኮም 43፤ ዲሊንክ 171። ሁዋዌ 2011 ሆኖ ይመጣል፤ ጁኒፐር 2636፤ ዜድቲኢ 3902፤ ኔትጊር 4526። ቲፒሊንክ 11863 ሲሆን ማይክሮቲክ 14988 ነው። እነዚህን በቃል ማጥናት አያስፈልግም። ይሁንና ሲስኮና ሁዋዌን በተደጋጋሚ የሚያይ ሰው ሳያስበው ያጠናቸዋል።

ከአምራቹ ቁጥር በኋላ ያለው የአምራቹ ጉዳይ ነው። ርስት ከአቅኚው ልጆች ወደ አንዱ ቤት ከደረሰ በኋላ ያንን ድርሻ የሚከፋፍለው ያ ቤት እንጂ ጎረቤት እንዳልነበረ ሁሉ፣ አያናም 9 የሚለውን ለሲስኮ ከሰጠ በኋላ ከሥሩ ያለውን አያውቅም። ሲስኮ ከ9 ሥር 1 የሚለውን ለምርቶቹ መድቧል፤ ከእርሱ ሥር 716 ካታሊስት 2960-24ቲቲ የተባለው ባለ 24 ፖርት ስዊች ነው። ያው 716 በሌላ አምራች ሥር ቢመጣ ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ምንም አይደለም።

ስሙን በቀጥታ ቢናገርስ?

ይናገራል። ከሰባቱ የመጀመሪያው፣ በ1.3.6.1.2.1.1.1.0 የሚገኘው መግለጫ፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ መጻፉ ነው።

ሲስኮ 2960 ሲጠየቅ የሶፍትዌሩን ስም፣ የመሣሪያውን ቤተሰብና የሶፍትዌሩን ስሪት ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ አይኦኤስ ሶፍትዌር፣ ሲ2960፣ ስሪት 12.2(55) ይላል። ቤተሰቡን ነገረን፤ ባለ 24 ይሁን ባለ 48 ግን አልነገረንም። ያንን የሚነግረው ቁጥሩ ነው። ማይክሮቲክ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። አንዱም ሞዴል ሌላውም ሞዴል 1.3.6.1.4.1.14988.1 ብለው ይመልሳሉ፤ ቁጥሩ «ማይክሮቲክ ነኝ» ከማለት አያልፍም። መግለጫው ግን ራውተርኦኤስ ካለ በኋላ ሲአርኤስ326-24ጂ-2ኤስ+ ብሎ ሞዴሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ይጠራል።

ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መጠየቅ ነው የሚሻለው። ቁጥሩ ለኮምፒውተር የተመቸ ነው፤ ፊደል አይሳሳትም፣ ቦታ አይቀያየርም፣ ከሶፍትዌር ስሪት ጋር አይለዋወጥም። መግለጫው ለሰው የተመቸ ነው፤ ከዚያም በላይ ቁጥሩ የማይነግረንን የሶፍትዌር ስሪት ይዟል። የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የሚያስፈልገው ደግሞ ሞዴልና ስሪት በአንድነት ነው።

በተግባር እንዴት ይጠየቃል?

ኔት-ኤስኤንኤምፒ የተባለ ነጻ የመሣሪያዎች ስብስብ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። በውስጡ ያለው ጠያቂ ትእዛዝ አራት ነገር ይፈልጋል፦ የፕሮቶኮሉን ስሪት፣ ኮሚዩኒቲ የሚባለውን የማለፊያ ቃል፣ የስዊቹን አድራሻና የሚጠየቀውን ቁጥር። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ መልሱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። አንድ ስዊች መጠየቅ የቻለ ሰው ሁሉንም መጠየቅ ይችላል፤ አድራሻዎቹን በአንድ ፋይል ዘርዝሮ ትእዛዙን በየተራ እንዲያልፍባቸው ማድረግ ነው።

እንደ ሊብሬኤንኤምኤስ ያሉ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲጨመርላቸው ይህን ቁጥርና መግለጫውን ይጠይቃሉ፤ በመልሱ ላይ ተመሥርተው ከዚያ በኋላ ምን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው፣ የሙቀት መለኪያው የት እንዳለ፣ የማቀነባበሪያው ጫና በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ይወስናሉ። በገጹ ላይ ከመሣሪያው ስም ጎን የአምራቹን አርማ ስታዩ ከጀርባው ያለው ይኸው ጥያቄ ነው።

716 ስምንት ይሁን ሃያ አራት ፖርት ማን ያውቃል?

አምራቹ ያውቃል፤ ዕውቀቱንም በሚብ ፋይል ጽፎ ያሰራጫል። ሲስኮ ለምርቶቹ ብቻ የተዘጋጀ አንድ ፋይል አለው፤ ቁጥርና ስም ጎን ለጎን የተደረደሩበት ዝርዝር ነው። ፋይሉ በኮምፒውተራችን ላይ ካለ መልሱ በስም ይታያል፤ ከሌለ በቁጥር ይቀራል። ፋይሉ ከስዊቹ በፊት የወጣ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ግማሹ በስም ግማሹ በቁጥር ይመጣል፦ «የሲስኮ ምርት፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት አኃዝ»። መሣሪያው አልተበላሸም። ዝርዝሩ ገና ያልደረሰበት ሞዴል ነው፤ አዲሱን ፋይል ማምጣት ይበቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የሥራ ልማድ አለ፤ ከሁሉም በላይ ልመክር የምፈልገውም እርሱን ነው። መዝገቡ ላይ የተተረጎመውን ስም ብቻ አታስፍሩ፤ ስዊቹ የመለሰውን ጥሬ ቁጥር እንዳለ አብራችሁ አስፍሩ። ስም በዝርዝሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዝርዝር ይሳሳታል፣ ያረጃል፣ ይታረማል። ቁጥሩ ግን ስዊቹ ራሱ የተናገረው ቃል ነው። ዛሬ «ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ መሣሪያ ቁጥሩ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሊፈታው ይችላል፤ ከሌለ መኪና እንደገና ማስፈቀድ ነው።

ቁጥሩ ሁልጊዜ ይታመናል?

አምራቹን በመለየት ረገድ በአብዛኛው አዎ። ሞዴሉን በመለየት ረገድ ግን ወጥመዶች አሉት።

ለቆጠራ ኮሚቴ ዋነኛው ወጥመድ ተደራራቢው ስዊች ነው። ብዙ ስዊቾችን በልዩ ገመድ አያይዞ እንደ አንድ መሣሪያ ማሠራት ይቻላል፤ ስታክ ይሉታል። የሲስኮ 3750 ቤተሰብ ስዊቾች እንዲህ ሲያያዙ የሚሰጡት መልስ 1.3.6.1.4.1.9.1.516 ነው፤ ትርጉሙም «የ37 ቤተሰብ ስታክ» ብቻ ነው። አባላቱ ሁለት ይሁኑ አምስት፣ ባለ 24 ይሁኑ ባለ 48 አይታወቅም። አድራሻቸው አንድ፣ መልሳቸው አንድ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ብቻ የቆጠረ ሰው አራት ስዊቾችን አንድ ብሎ ይመዘግባል። የጎደሉት ሦስቱ ደግሞ በንብረት ክፍሉ ሰው ስም ይቀራሉ።

ሁለተኛው የኩባንያዎች መገዛዛት ነው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2010 ስሪኮምን ሲገዛ ኤችስሪሲ የተባለው የስዊች አምራችም አብሮ መጣ። በዚህ ምክንያት ፊቱ ላይ የኤችፒ አርማ ያለበት ስዊች ሲጠየቅ 11 ሳይሆን 25506 ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ 25506 የኤችስሪሲ ቁጥር ነው። የኤችፒ የራሱ የሆኑት አሮጌዎቹ ፕሮከርቭ ስዊቾች ግን በ11 ሥር ናቸው። በኋላ ኤችፒ ለሁለት ሲከፈል የተፈጠረው ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ደግሞ 47196 የሚል አዲስ ቁጥር አውጥቷል፤ አሩባ በሚል ስም የሚሸጣቸው አዳዲስ ስዊቾች በዚያ ይመልሳሉ። አርማና ቁጥር አልገጠሙም ብሎ «ሐሰተኛ ዕቃ አቀረብክልኝ» እያሉ ከአቅራቢ ጋር ከመጣላት በፊት ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ቁጥሩ ገጠመ ማለት ዕቃው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን የሚናገረው በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ከተቀዳ ንግግሩም አብሮ ይቀዳል።

በአንድ አምራች ሥርም ቢሆን ሁሉም ምርት በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አይገኝም። የሲስኮ ካታሊስቶች በ9.1 ሥር ናቸው፤ ለትንንሽ ድርጅቶች የተሠሩት የኤስጂ300 ስዊቾች በ9.6.1.83 ሥር፣ ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተሠሩት ኔክሰሶች በ9.12.3.1.3 ሥር ይገኛሉ። 9.1ን ብቻ የሚያውቅ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ አጭር ፕሮግራም) ሌሎቹን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

8072 ከመጣ ደግሞ የአምራች ስም አንፈልግ። እርሱ የኔት-ኤስኤንኤምፒ የራሱ ቁጥር ነው፤ 1.3.6.1.4.1.8072.3.2.10 ማለት «በሊኑክስ ላይ የምሠራ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ሰርቨር ሊሆን ይችላል፣ የፋይል ማከማቻ ሊሆን ይችላል፣ አምራቹ የራሱን ቁጥር ማስገባት የታከተው ስዊችም ሊሆን ይችላል።

ስምና ቦታ የሚሉትን ሁለቱን መስኮች በተመለከተ ብዙ አልልም። የሚሞሉት በሰው እጅ ነው። ከደብረ ሲና ወደ አረርቲ የተዛወረ ስዊች ማንም ካላረመው «ደብረ ሲና» እያለ ይኖራል።

ሲሪያል ቁጥሩስ?

ቅጹ የሚጠይቀው ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። መልሱ የሚገኘው ኢንቲቲ-ሚብ በተባለ ሌላ መዝገብ ነው፤ መነሻው 1.3.6.1.2.1.47 ነው። ይህ መዝገብ መሣሪያውን እንደ አንድ ነገር አያየውም፤ አካሉን፣ ካርዶቹን፣ የኃይል አቅርቦቱን፣ ማራገቢያውን እያንዳንዱን በራሱ መስመር ይዘረዝራል። በ1.3.6.1.2.1.47.1.1.1.1 ሥር በ11ኛው ዓምድ ሲሪያል ቁጥር፣ በ13ኛው ዓምድ የሞዴል ስም አለ።

የስታኩ እንቆቅልሽ የሚፈታውም እዚህ ነው። አራት ስዊቾች ከተያያዙ አራት አካላት ከአራት ሲሪያል ቁጥሮች ጋር ይመጣሉ፤ የሞዴሉ ስምም ለግዥ በሚጻፍበት አኳኋን ሙሉ ሆኖ ይገኛል። «ይህ ካለ ያኛው ቁጥር ለምን አስፈለገ?» ቢባል፣ ኢንቲቲ-ሚብ ዘግይቶ የመጣ መዝገብ ነው፤ ሁሉም አምራች አይሞላውም፤ በርካሾቹ ስዊቾች ላይ ባዶ ዓምድ ማግኘት የተለመደ ነው። ሲስ-ኦብጀክት-አይዲ ግን ኤስኤንኤምፒ ባለበት ሁሉ አለ።

ስዊቹ ዝም ቢልስ?

ዝምታ በኤስኤንኤምፒ ብዙ ትርጉም አለው፤ ሰውን የሚያሰለቸውም ይህ ነው። የማለፊያ ቃሉ ከተሳሳተ የድሮዎቹ ስሪቶች «ተሳስተሃል» አይሉም፤ ዝም ይላሉ። ኤስኤንኤምፒ በስዊቹ ላይ ካልተከፈተም ዝም ነው። ስዊቹ ከተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ ጥያቄ እንዲቀበል ታዝዞ ከሆነም ዝም ነው። ጥያቄው የሚጓዝበት ዩዲፒ የተባለው መንገድ የመድረሻ ማረጋገጫ ስለማይሰጥ፣ መልእክቱ በመንገድ ቢጠፋም ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፍለጋው ከቅርቡ ይጀመር። አድራሻው በፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» በሚለው ቀላል የኔትወርክ ጥሪ፣ ይመልሳል ወይ? ከመለሰ መሣሪያው አለ፤ ጉዳዩ የማለፊያ ቃል ወይም የፈቃድ ነው። ካልመለሰ ጎረቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ኤልኤልዲፒ የተባለውን ደንብ የሚያውቁ ስዊቾች ስማቸውንና መግለጫቸውን በገመድ ለተያያዙት ጎረቤት በየጊዜው ይልካሉ፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃኑን ዋና ስዊች ስንጠይቅ በሌላኛው የገመድ ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ሊነግረን ይችላል። ያም ካልሆነ ማክ አድራሻ የሚባለው፣ ከፋብሪካ የተሰጠው የስዊቹ መለያ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች አምራቹን ይጠቁማሉ፤ ሞዴሉን ግን አይነግሩም። ከዚያ በኋላ የቀረው መሰላልና የእጅ ባትሪ ነው።

በነገራችን ላይ ከሰባቱ መስኮች ሦስተኛው፣ ኤጀንቱ ከተነሣ የቆየበት ጊዜ፣ በመቶኛ ሰከንድ የሚቆጠር ነው። ቆጣሪው ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ከ497 ቀናት በኋላ ነው። በእኛ አካባቢ ያን ያህል ሳይጠፋ የቆየ ስዊች የተሻለ ባትሪ አለው ማለት ነው።

ሌላ ሰውስ ሊጠይቀው አይችልም?

ይችላል፤ ዋናው ሥጋትም ይህ ነው። የመጀመሪያው ስሪትና 2ሲ የሚባለው የማለፊያ ቃሉን ሳይመሰጥሩ በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚልኩት። ብዙ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ቃሉ «ፐብሊክ» ነው፤ ለመጻፍና ለመለወጥ የሚፈቅደው ደግሞ «ፕራይቬት» ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት የማያውቅ አጥቂ የለም። ሞዴሉንና ስሪቱን ያወቀ አጥቂ የትኛው ክፍተት እንደሚሠራለት ከዝርዝር ይመርጣል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የእንግሊዝና የአሜሪካ የደኅንነት ተቋማት፣ የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ቡድን በ2021 ደካማ ኮሚዩኒቲ ቃላትንና በ2017 ይፋ የሆነ የኤስኤንኤምፒ ክፍተትን ተጠቅሞ የሲስኮ ራውተሮችን እንደገባባቸው በጋራ አስታውቀዋል። ክፍተቱ ከታወቀ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ከላይ በተነሣው የመስከረም 2018 ዓ.ም. ክፍተትም፣ የማንበቢያ ቃሉን ብቻ የያዘ ሰው መሣሪያውን አስገድዶ ማስነሣት ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ ሥልጣን ያገኘ ሰው የራሱን ፕሮግራም ያስኬድበታል።

ሦስተኛው ስሪት የተጠቃሚ ስም፣ ማረጋገጫና ምስጠራ አለው፤ ስዊቹ ከቻለ እርሱን መጠቀም ነው። ሆኖም እርሱም አንድ ነገር ያፈተልከዋል። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ስዊቹ «የሞተር መለያ» የሚባለውን የኤጀንቱን መታወቂያ ቁጥር ለጠያቂው ይልካል፤ ይህን የሚያደርገው የጠያቂውን ማንነት ሳያረጋግጥ ነው። በዚያ መለያ ውስጥ ያው የአምራቹ ቁጥር፣ 9 ወይም 2011 ወይም 14988፣ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜም ማክ አድራሻው አብሮ አለ። ስንት ጊዜ እንደተነሣና ከመጨረሻው መነሣት ወዲህ ስንት ሰከንድ እንደቆየም አያይዞ ይነግራል። የማለፊያ ቃል የሌለው እንግዳ ሞዴሉን ባያገኝም የማን ምርት እንደሆነና መቼ እንደተነሣ አውቆ ይሄዳል።

ስለዚህ ስሪቱ የትኛውም ቢሆን 161 ቁጥር ፖርት ከኢንተርኔት ወገን በፋየርዎሉ (በውጭና በውስጥ ኔትወርክ መካከል ባለው አጥር) ላይ መዘጋት አለበት። ከውስጥም ቢሆን ስዊቹ ጥያቄ የሚቀበለው ከአንድ ወይም ከሁለት የታወቁ ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይገባል። «ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» ይሠረዙ፤ መሣሪያውን ከሩቅ የሚለውጥ ሰው ከሌለ የመጻፊያው ፈቃድ ጨርሶ ይጥፋ። ቆጠራውን ለመጀመር ያሰበ ሰው ከማንም በፊት «ፐብሊክ» ብሎ የራሱን ስዊቾች ይሞክር፤ በዚያ ቃል የመለሱት በሙሉ ሞዴላቸው ከመመዝገቡ በፊት ቃላቸው መለወጥ ያለበት ናቸው።